ጥቂት ነጥብ ስለ ነበራቸው ፎቶግራፍ ማንሻዎች

በዛሬው ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሻ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ነጥቡ ብዛት ነው። ሻጩም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢውም ቁጥሩ በበዛ መጠን ሥዕሉ የሚያምር መስሎት ገንዘቡን ይከፍላል። 200 ሚሊዮን ነጥብ ያላቸው የእጅ ስልኮች በሚሸጡበት ዘመን፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠሩት ዲጂታል ማንሻዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሰው ቢቀመጡ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ ከመነሻው ጀምረን በመረመርነው ጊዜ፣ የሥዕሉ መልካምነት ያሉት ጥቂት ነጥቦች በምን ላይ እንዲውሉ በመረጠው ሰው ብልሃት የተገኘ ሆኖ አይተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ነጥብ ያልነው በውጭ አገር ቋንቋ ፒክስል የሚባለው ነው። ምንነቱን ለመረዳት የሸማኔን ሥራ ማሰብ ይበቃል። በጥለት ላይ ያለው መስቀል በቅርብ ሲያዩት ድርና ማግ የሚገናኙበት ባለ ቀለም ነቁጥ ብቻ ነው፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ግን መስቀል ይሆናል። ክሩ ወፍራም፣ ቁጥሩም ጥቂት የሆነበት ሸማኔ ቀጭን ሐረግ ልሥራ ብሎ አይደክምም፤ በጥቂት ክር የሚታወቀውን ቅርጽ ይመርጣል። ስለ ድሮዎቹ ዲጂታል ማንሻዎች የምንናገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ምሳሌ እጅግም አይርቅም።

በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶግራፍን ወደ ቁጥር ለውጦ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባውም የሦስት ወር ሕፃን የነበረውን የልጁን ፎቶግራፍ ነበር። የሥዕሉ ስፋት 176 ነጥብ በ176 ነጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ሥዕሉን ስለ ሞላው ፊቱ ዛሬም በግልጥ ይታወቃል። አባትየው ልጁን ከነአልጋው፣ ከነክፍሉ ለማሳየት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ከሕፃኑ ፊት የሚቀረው ጥቂት ነቁጥ በሆነ ነበር።

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሲሲዲ የተባለውን ትንሽ ሰሌዳ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ቤተ ሙከራ በ1969 አሰቡት፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ሆኑ። በእጅ የሚያዘውን የመጀመሪያውን ዲጂታል ማንሻ ግን የሠራው በሮቸስተር ከተማ የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን ነው። በታኅሣሥ 1975 የተፈተነው ይህ መሣሪያ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ነጥቡ 100 በ100፣ ማለት 10 ሺህ ብቻ ሲሆን፣ አንዱን ሥዕል በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የሚተረክ ነው። አንዲት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ተነሣች፤ ሥዕሉ በቴሌቪዥን ሲታይም የጠጉሯ ጥላ ቅርጽ ተለይቶ ሲታወቅ ፊቷ ግን እንደ ተበላሸ ጨርቅ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ተመርምሮ የቁጥሮቹ ተራ መገልበጡ ታወቀና ሽቦዎቹ ሲስተካከሉ ፊቷ ወጣ። ፍጹም ጥቁርና ፍጹም ነጭ የሆነው ቢገለበጥም አይለወጥምና ስሕተቱ የታየው በመካከሉ ባለው ግራጫ ላይ ነበር። የሰው ፊት ያለውም በዚሁ በመካከለኛው ብርሃንና ጥላ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኩባንያው ሹማምንት ይህ ነገር ፊልምን የሚወዳደረው መቼ እንደ ሆነ ቢጠይቁት፣ ሳሰን 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ እንደሚያስፈልግና ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሚፈጅ ገመተ። ግምቱ ከእውነት ብዙ አልራቀም። ፊልም በመሸጥ የከበረው ኩባንያ ግን በ2012 ከዕዳ ጠያቂዎቹ የሕግ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ።

በ1991 ኮዳክ ለጋዜጠኞች ያቀረበው ማንሻ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ነበረው፤ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር የማያንስ፣ የሥዕሉ ማስቀመጫም ለብቻው በትከሻ የሚንጠለጠል ነበር። ለተራው ሰው የቀረቡት በኋላ የመጡት ናቸው። በ1994 የወጣው የአፕል ኩባንያ ኩዊክቴክ 100 በ640 በ480 ነጥብ የሚይዘው ስምንት ሥዕል ብቻ ነበር። የተነሣውን መመልከቻ መስታወት አልነበረውም። ስምንት ብቻ ያለው ሰው እንደ ዛሬው አንዱን ነገር አርባ ጊዜ አያነሣም፤ ቆሞ ያያል፣ ይጠጋል፣ ብርሃኑ እስኪመጣ ይጠብቃል። እኛ እንደምናስበው ከዚህ የበለጠ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት የለም። በ1995 የመጣው የካሲዮ ኪውቪ 10 ሥዕሉን ወዲያው የሚያሳይ ትንሽ መስታወት በጀርባው ይዞ ወጣ፤ የሥዕሉ ስፋት ግን 320 በ240 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1997 ፊሊፕ ካህን በካሊፎርኒያ አዲስ የተወለደች ሴት ልጁን ያነሣው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ከእጅ ስልክ ጋር አገናኝቶም ወዲያው ለወዳጅ ዘመዶቹ ላከው። ያን ሥዕል የተቀበለ ሰው ሁሉ ያየው ሕፃን ነው፤ ነጥቡን የቆጠረ አልነበረም።

በ1999 ኒኮን ዲ1 ሲወጣ የዲጂታል ማንሻ በጋዜጣ ሥራ ላይ ሥር ሰደደ። ነጥቡ 2.7 ሚሊዮን ነበር። ዛሬ ልጆች የሚጫወቱበት ስልክ ከዚህ ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ተሽከርካሪዎች ታሪክ ነው። ሰፊውን አገር ያሳዩን ዐይኖቻቸው እያንዳንዳቸው 1024 በ1024፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ ብቻ ነበራቸው፤ በዚያው ዓመት በምድር ሱቆች ከዚህ አራትና አምስት እጅ የሚበልጥ ይሸጥ ነበር። መሐንዲሶቹ የጥቂቱን ነጥብ ጉድለት የሞሉት በመልካም ሌንስ፣ ተሽከርካሪውን በማቆምና የማንሻውን አንገት በጥቂት በጥቂቱ በማዞር ነው። አንዱ ሥዕል የሌላውን ጠርዝ ጥቂት እየደረበ ተነሣ፤ በኋላም ምድር ላይ ተጋጥሞ አድማስን የሚያህል ገበታ ሆነ። ይህን ዘዴ ማርስ ሳይደርሱ ማድረግ ይቻላል። አንድ መምህር አሮጌውን ማንሻ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን የትምህርት ቤቱን ግቢ በስድስት ተከታታይ ሥዕል ቢያነሣና ቢያጋጥመው፣ ከመሣሪያው አቅም በላይ የሆነ ሥዕል ያገኛል።

አሁን ስለ ፊት ወዳልነው እንመለስ። የድሮ ማንሻ ዋና ድካሙ ከነጥቡ ማነስ ይልቅ በብርሃን ላይ ነው። ፀሐይ በናት ላይ ሳለች ያነሡ እንደ ሆነ ሰማዩ ባዶ ነጭ፣ የዐይን ጉድጓድ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ መካከለኛው ግራጫ ይጠፋል። ነጭ ሆኖ የጠፋውን በኋላ የሚመልሰው ስለ ሌለ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ይሻላል። በጨለማም የቀለም አቧራ ይነሰነስበታል። ስለዚህ ጧትና ከሰዓት በኋላ፣ ወይም ብሩህ በሆነ ጥላ ሥር፣ ሰውየውን ከጎኑ ብርሃን እንዲመታው አድርጎ ማንሣት ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ፈጽሞ አለመንካት ይገባል፤ ያለውን ነጥብ ይለጥጠዋል እንጂ አይጨምርም፤ በእግር መጠጋት ግን ይጨምራል። ቁልፉ ተጭኖ ሥዕሉ እስኪነሣ የሚዘገይ በመሆኑ፣ በራሳቸው ርቀትን የሚያስተካክሉት ማንሻዎች ቁልፋቸውን እስከ ግማሽ ተጭኖ መጠበቅ ያሻቸዋል።

የታተመውን መጠን ማወቅም ይጠቅማል። 640 ነጥብ ስፋት ያለው ሥዕል በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ቢታተም 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ 1600 በ1200 የሆነው ደግሞ በ200 ነጥብ ቢታተም 20 በ15 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። ለትምህርት ቤት መጽሔት ወይም ለመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ከዚህ የሚበልጥ ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? በዚህ ምክንያት የዕቃ ግዥ የሚመለከታቸው ሹማምንት በቁጥሩ ብቻ እንዳይማረኩ እንመክራለን።

አንድ የሚያስቸኩል ጉዳይ ይቀራል። በ1997 ሶኒ ኩባንያ ያወጣቸው ማቪካ የተባሉት ማንሻዎች ሥዕላቸውን የሚያስቀምጡት በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር፤ ሌሎቹም ዛሬ በሱቅ የማይገኝ ካርድ ይጠቀሙ ነበር። የዲስኩ ማንበቢያ እያለቀ ነው፤ ዲስኩም ራሱ በእርጥበትና በአቧራ ይበላሻል። በየሣጥኑ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ዲስክ የአንድ ዘመን ተማሪዎችንና የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ፊት ይዞ ይሆናል። አንዱ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለ ሆነ መቶው ተገልብጦ እንኳ የዛሬውን ትንሽ ፍላሽ ዲስክ ጥጉን አይሞላም። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማንበቢያው ገና የሚሠራ ከሆነ።