«ወረሰ» የሚለው ቃል ያሳለፈው ታሪክ



አንድ ሰው ሲያርፍ ለቅሶ ቤት ገብተን «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» እንላለን። አርባው ሳይወጣ ደግሞ «ወራሹ ማነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቃሉ ያው አንድ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በገጠሩም ጭምር፣ ይኸው ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተገለባበጠ ባሰብኩ ጊዜ ለዘንድሮው መጽሔታችን እሱኑ ልጽፍ ተነሣሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ስለኖርኩ አንድ ቃል ወረቀት ላይ ያላግባብ ሲገባ ስንት ሰው እንደሚያጣላ አውቃለሁ።

የቄስ ትምህርት የቀመሰ እንደሚያውቀው «ርስት» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ከ«ወረሰ» ነው። በጎጃም ርስት ማለት የአባት መሬት ብቻ አልነበረም። ሰው በአባቱም በእናቱም ትውልድ ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ከደረሰ ድርሻዬን ብሎ ይሟገታል። ሴትም ብትሆን በእሷ በኩል ይቆጠራል። እንግዲህ ወራሽ ማለት በወረቀት የተጻፈ ሰው ሳይሆን ትውልዱን መቁጠር የቻለ ሰው ነበር። ሙግቱ አያልቅም፤ ቢሆንም ገበሬው በዚህ ይኮራ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የሸፈተው ለግብሩ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ይለካና ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ነው። መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በኋላ ግን ውዝፉን ግብር ምሮ ነገሩን አበረደው።

በቤተ መንግሥትም ቃሉ ማዕረግ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ሲያርፉም ዘውዱን ወረሱ። የእሳቸው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ግን ሳይወርሱ ቀሩ፤ መጋቢት 1967 ላይ ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ከዚህ በፊትም በጥንቱ ጊዜ የከዳ ሰው ርስቱ ለመንግሥት ይወረስበት ነበር። ያ ግን ቅጣት ነው። ጥፋት ያልተገኘበት ሰው በቁሙ ሲወረስ ያየነው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተባለ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። በደቡብ ላለው ጭሰኛ ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ የእኛ አገር ርስተኛ ግን ራሱ አራሽ ስለነበር ደስታውም ሥጋቱም ተደባለቀበት። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወና ትርፉ ሄደ፤ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ገባ። በአዋጁ ስም «የመንግሥት ማድረግ» ነው የሚባለው፤ ሕዝቡ ግን ባጭሩ «ተወረሰ» አለው። «ውርስ ቤት» የሚባለው ስምም ከዚያ ወዲህ ቀረ። ልብ በሉ፣ ከአባት የተገኘ ቤትም የውርስ ቤት ነው፣ ከባለቤቱ የተወሰደውም ውርስ ቤት ነው!

ገበሬው ሌላም አነጋገር አለው። እርሻውን አረም ወረሰው፣ ደጁን ሙጃ ወረሰው ይላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ውሃ እንቦጭ ሲወርሰው ሁላችን ሰማን። እዚህ ላይ ሟችም የለ፣ አዋጅም የለ፤ ዝም ብሎ መሸፈን ነው።

በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የተባሉት ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ያን ጊዜ በአንዱ ቤት «ተወረስን»፣ በሌላው ቤት «ደረሰን» ነበር ወሬው። ዛሬ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ገበሬው ይዞታውን በደብተር ይዟል። በ1998 የወጣው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133 ይዞታውን በኑዛዜ ማውረስ ፈቅዶ ነበር፤ ተቀባዩ ግን በእርሻ የሚተዳደር ወይም ለመተዳደር የሚፈልግ መሆን ነበረበት። ቃሉ ዞሮ ዞሮ ወደ አባትና ልጅ ተመለሰ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ እንደ ርስቱ ባይሆን።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ ልምጣ። ከአባሉ ስም ጎን «ወራሽ» የሚል ዓምድ አለን። እዚያ ላይ ብዙዎቻችን የሚስታችንን ስም ነው ያስጻፍነው። የእኛ አሳብ እድሩን ማን ይቀጥላል፣ ድንኳኑና ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚለው ብቻ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ወንድ ሴት ሳይባል እኩል። ሚስት ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ታነሣለች እንጂ በሕግ ወራሽነት አትቆጠርም። ታዲያ አንዲት እናት ስሜ በእድር መዝገብ «ወራሽ» ተብሎ ሰፍሯል፣ ቤቱ የኔ ነው ብላ ተዘናግታ ብትቀመጥ የማን ጥፋት ነው? የእድር መዝገብ እኮ ኑዛዜ አይደለም። ለባለቤቱ ማውረስ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜውን አጽፎ፣ በራሱና በአራት ምስክሮች ፊት አስነብቦ፣ እሱም እነሱም እዚያው ይፈርሙበት።

ዓምዱ «ተተኪ አባል» ተብሎ እንዲታረም ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አሳቤን አቀርባለሁ። የቆየውን መዝገብ ወደ አዲሱ መገልበጡን እኔ በነፃ እሠራዋለሁ።