ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የስታፎርድሻየር ሰማያዊ ሸክላ

በእንግሊዝ ስታፎርድሻየር አውራጃ ተሠርቶ፣ የአሜሪካ ከተሞች፣ ጀግኖችና ታሪካዊ ክንውኖች ሥዕል ታትሞበት ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ይላክ የነበረ የገበታ ዕቃ ነው። ዋና ዘመኑ ከ1810ዎቹ መጨረሻ እስከ 1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

አመጣጥ

ሥዕልን ከወረቀት ወደ ሸክላ የማሻገሩን ዘዴ ማን እንደጀመረው ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የሊቨርፑሎቹ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን ናቸው። በ1756 በመሐላ በሰጡት ቃል በ6 ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የግድግዳ ሸክላ ማተማቸውን፣ 100 የሠለጠኑ ሠዓሊዎችም በዚያ ጊዜ ይህን ያህል እንደማይሠሩ ገልጸዋል። ይሁንና መሐላው የሚያስረዳው ፍጥነታቸውን እንጂ ቀዳሚነታቸውን አይደለም። አየርላንዳዊው የኅትመት ሰሌዳ ቀራጭ ጆን ብሩክስ በበርሚንግሃም ሳለ በ1751 ለዚሁ ዓይነት ዘዴ የፈጠራ መብት ጠይቋል፤ መብቱን ባያገኝም ማመልከቻው በ5 ዓመት ስለሚቀድም ሚዛኑ ወደ እሱ ሳያደላ አይቀርም። ከልባስ (ሸክላውን ከሚሸፍነው እንደ መስታወት ያለ ሽፋን) በታች የሚታተመውን ሰማያዊ ሥዕል በሸክላ ላይ ያስፋፋው ግን በ1784 ገደማ የስቶኩ ጆሳያ ስፖድ እንደሆነ ይነገራል።

አሠራር

በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ሥዕል በዘይት የተለወሰ ኮባልት ይቀባና በስስ ወረቀት ላይ ይታተማል። ወረቀቱ አንድ ጊዜ በተተኮሰ ሳህን ላይ ተለጥፎ በጠንካራ ብሩሽ ይታሻል፤ በውሃ ሲላቀቅ ቀለሙ ይቀራል። ከዚያ ዘይቱ በእሳት እንዲጠፋ ተደርጎ፣ ሳህኑ ልባስ ተቀብቶ እንደገና ይተኮሳል። የጠርዙ ሐረግ በቁርጥራጭ ወረቀት ስለሚገጠም ጫፍና ጫፉ የሚገናኙበት ቦታ አበባው ከግማሽ ይቆረጣል፤ በእጅ የተሳለ ሳህን ላይ ይህ ስፌት አይገኝም።

ለአሜሪካ

በብሪታንያና በአሜሪካ መካከል የተካሄደው የ1812ቱ ጦርነት ካበቃ በኋላ የስታፎርድሻየር ሸክላ ሠሪዎቹ ኢኖክ ዉድ፣ የክሉስ ወንድማማቾችና የሪጅዌይ ወንድማማቾች ተሽቀዳድመው ወደዚሁ ገበያ ገቡ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋየት በ1824 ኒውዮርክ መድረሱን የሚያሳየው የክሉሶች እጅግ የታወቀ ሥዕል ነው። ከእነሱ ሥራ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ጠርዙን በዞረ ሪባን ላይ የ15 ግዛቶች ስም የተጻፈበት ሳህን ነው፤ በ1821 የአሜሪካ ግዛቶች 24 ደርሰው ነበር። የዋሽንግተን ምስል ጎኑ ላይ እያለ፣ መሐሉ ላይ ያለው ሕንፃ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ባላባት ቤት ነው።

ምልክት

አንዳንዱ ከሥሩ የሠሪው ስም ታትሞበታል። «ኢንግላንድ» የሚል ቃል ያለበት፣ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ የትውልድ አገር እንዲጻፍ ካስገደደበት ከ1891 ወዲህ የተሠራ ሊሆን ይችላል።