በአሥር ዓመቷ ያሰበችውን በሠላሳ አንድ ዓመቷ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ሰው «ታገሥ» ለማለት ነው። ተረቱን ራሳችን ላይ አውለን፣ አንድ ሐሳብ ይዘን ሃያ ዓመት የምንጠብቅ ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ የማወጋችሁ አንዲት አየርላንዳዊት ተረታችንን ሳትሰማ የኖረችበት ናት። ስሟ ደርቭላ መርፊ ይባላል።

ደርቭላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1931 ሊዝሞር በምትባል ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ተወለደች። አባቷ የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ለወላጆቿ አንድ ናት፤ ወንድምም እኅትም የላትም። አሥር ዓመት ሲሞላት ሁለት ስጦታ አገኘች፤ ያገለገለች ብስክሌትና ያገለገለ አትላስ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከከተማዋ አጠገብ ያለውን ዳገት ስትወጣ ፔዳሉን የሚዞሩትን እግሮቿን ተመለከተችና አንድ ነገር መጣላት። እንዲህ እያደረግሁ ብቀጥል አንድ ቀን ሕንድ እደርሳለሁ! ሐሳቡን ለማንም አልተናገረችም። ትልልቆቹ እንደሚስቁባት ታውቃለችና።

ታዲያ ሕንድ በዚያው ቀረች። እናቷ በመገጣጠሚያ በሽታ እግራቸውም እጃቸውም ተሳስሮ በሰው እጅ የወደቁ ሴት ነበሩ። ደርቭላ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። ለስንት ጊዜ? ለአሥራ ስድስት ዓመት! በመሐል፣ ሰው ሲገኝላት፣ ለጥቂት ሳምንታት ብስክሌቷን ይዛ ዌልስን፣ ጀርመንን፣ ስፔንን አይታ ትመለሳለች። ከዚያ ያው ማንሣት፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ ነው። አባቷ በ1961፣ እናቷ በ1962 ዐረፉ። እናቷ ከሞቱ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1963፣ የሠላሳ አንድ ዓመቷ ደርቭላ ከፈረንሳዩ የደንከርክ ወደብ ተነሥታ ጉዞዋን ወደ ሕንድ ጀመረች።

ብስክሌቷን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» ብላ ሰየመቻት፤ ሲያቆላምጧት «ሮዝ»። ለዚያ መንገድ ማርሽ ከጥቅሙ ብልሽቱ ይበዛል ብላ ማርሹን አስወልቃለታለች። መለዋወጫ ጎማ መንገድ ላይ ወዳሉ ከተሞች አስቀድማ ላከች። ትንሽ ሽጉጥም ያዘች። ጎረቤት «አበደች» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ክረምቱ ደግሞ አውሮፓ ለረጅም ዘመን ያላየችው ነበር። በረዶው መንገዱን ስለዘጋው የጉዞውን ከፊል በባቡርና በጭነት መኪና ለመሄድ ተገደደች። ዩጎዝላቪያ ውስጥ ያሳፈራት መኪና ተንሸራቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ርዳታ ፍለጋ በሌሊት በእግሯ ስትሄድ ተኩላዎች ዘለው ያዟት። አንዱን በሽጉጧ ገደለች፤ የቀሩት ሸሹ። ቱርክ ውስጥ ሌሊት ክፍሏ የገባ ሰው ደግሞ ጣሪያው ላይ በተተኮሰ ጥይት ወጣ።

ከሁሉም አብልጣ የወደደችው ግን አፍጋኒስታንን ነው። ነገሩ የሚገርመው፣ ክፉኛ የተጎዳችውም እዚያው ነው። በተሳፈረችበት አውቶቡስ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ የጠመንጃ ሰደፍ ስታ አገኛትና የጎን አጥንቶቿ ተሰበሩ። ይህን ያደረጉት እሷን ፈልገው አልነበረም፤ እሷም ሕዝቡን በዚህ አልለካችውም። የባሚያንን ሸለቆ አይታ፣ ከድሃ ገበሬ ጋር ሻይ ጠጥታ፣ እንግዳ ተቀባይነታቸውን እያደነቀች ወደ ፓኪስታን ተሻገረች።

ፓኪስታን ላይ ምድሩ አልበቃ ብሏት አየርም ተጨመረ። የካራኮረም አውራ ጎዳና ያን ጊዜ አልተሠራም። ስለዚህ ከራዋልፒንዲ ወደ ጊልጊት በአውሮፕላን ሄደች። በዚያ መስመር የዘመኑ አውሮፕላኖች የሚበሩት በተራሮቹ መካከል እንጂ በላያቸው አልነበረም፤ ናንጋ ፓርባት ብቻውን 8,126 ሜትር ነው። ከጊልጊት መልስ ደግሞ የኢንደስ ሸለቆ ሙቀት አዙሮ ጣላት። በስንት መከራ ከዚያ ወጥታ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የባቡሳር መተላለፊያ በረዶ ላይ ሮዝን እየጎተተችና እየተሸከመች አለፈች። በአንድ የበጋ ወራት ሐሩር ሊገድላት፣ በረዶ ሊገድላት! በጁላይ 1963 ዴልሂ ገባች። ለጉዞው ያወጣችው ገንዘብ ስልሳ አራት ፓውንድ ገደማ ነበር። ከመንገድ የጻፈችው ማስታወሻ በ1965 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ይህቺ ሴት ለእኛም ባዳ አይደለችም። በ1966 መጨረሻ፣ በእኛ በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ምጽዋ ወርዳ በእግሯ ወደ ደጋ ወጣች። ከዚያም «ጆክ» ያለችውን በቅሎ እየነዳች በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደርና በላሊበላ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ሽፍታ ዘርፏታል፤ ገበሬው ደግሞ ጎጆው አሳድሯታል። የዚያን ጊዜውን የሰሜን ገጠራችንን ኑሮ ከበቅሎ ከፍታ ሳይሆን ከበቅሎዋ ኋላ እየተራመዱ ያዩ የውጭ ጸሐፊዎች ብዙ አይደሉም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ስለ መንገዱ ነው። በ1963 ከኢስታንቡል እስከ ዴልሂ ያለው ምድር ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ግን ክፍት ነበር። በአፍጋኒስታን ንጉሥ ዛሂር ሻህ፣ በኢራን ሻሁ በዙፋናቸው ነበሩ። ከእሷ በኋላ ብዙ የምዕራብ ወጣት በዚያው ጎዳና ጎረፈ። በ1979 የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባት መንገዱን ዘጉት። የባሚያን ግዙፍ የቡድሃ ሐውልቶች በ2001 በፈንጂ ፈረሱ። ደርቭላ ባለፈችበት አገር ላይ እንደገና ሥልጣን የያዘው ታሊባን በዲሴምበር 2021 ሴት ያለ ወንድ ዘመድ ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እንዳትጓዝ ደነገገ። ታሪክ ሁልጊዜ ወደፊት ይሄዳል የሚሉን ሰዎች ይህንን ምን ይሉታል? የአየርላንዳዊቷ ብስክሌት የሄደችበትን መንገድ የአገሩ ልጅ ብቻዋን አትሄደውም።

ሁለተኛው ስለ ቤቱ ነው። ስለ ደርቭላ የሚያወራ ሁሉ ስድስቱን የመንገድ ወራት እያሰፋ ያወራል፤ አሥራ ስድስቱን የማስታመም ዓመታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። እኔም ከላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እሷ ግን በ1979 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ አላለፈችውም። ምሬቷን፣ ተስፋ መቁረጧን፣ እናቷ ሲሞቱ የተሰማትን ነጻነት ሳይቀር ገልጣ ጻፈች። ይህን ያነበበ «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ሊል ይችላል። ማለት ያለበት ግን አሥራ ስድስት ዓመት አጥንቷ እስኪደክም ያስታመመችውን ልጅ ነው።

እኛም ቤት እንዲህ ያለች ልጅ አለች። ታላቅ ወንድሟ ውጭ ሆኖ ገንዘብ ይልካል፤ ታናሿ አግብታ ወጥታለች፤ እሷ አልጋ ላይ ከቀሩት እናቷ ጋር ቀርታለች። ዘመድ ሁሉ «የእናቷ ምርቃት ይበቃታል» ይላታል። ምርቃቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ግን ይህች ልጅም በአሥር ዓመቷ ያሰበችው፣ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ይኖራት ይሆናል። ጠይቀናት እናውቃለን?

ደርቭላ እስከ 90 ዓመቷ ኖራ በሜይ 2022 በዚያችው በሊዝሞር ዐረፈች። ሕንድን አይታለች፤ ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፋለች። እድለኛ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ነጻ ስትወጣ ጉልበቷ ገና አብሯት ነበር። አርባና አምሳ ዓመት ሲሞላት ነጻ የምትወጣዋ ግን ምን ጉልበት ይተርፋታል? ለእሷ የሚያስፈልጋት ሙገሳ አይደለም። ወንድምና እኅት ተራ ገብተው ለአንድ ወርም ቢሆን እናታቸውን ተቀብለው «በይ አንቺ ደግሞ ሂጂ» ሊሏት ይገባል። የት እንደምትሄድ እሷ ታውቃለች።