የኬሚስትሪ ማስትሬት ትምህርትና የቤተ ሙከራ ታሪክ

በኬሚስትሪ የማስትሬት ዲግሪ የሚያስገኘው ትምህርት እንደ ደንቡ የሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው የትንተና፣ የኢኦርጋኒክ፣ የኦርጋኒክና የፊዚካል ኬሚስትሪ ከፍተኛ ኮርሶችን ይከታተላል፤ ከእነዚህም አንዱን ለልዩ ጥናቱ ይመርጣል፤ የሌሎችን የምርምር ጽሑፍ አንብቦ በሴሚናር ያቀርባል። በሁለተኛው ዓመት በአማካሪ መምህር መሪነት በቤተ ሙከራ ምርምር ያካሂዳል፤ ያገኘውንም ውጤት በጽሑፍ አዘጋጅቶ በፈታኞች ፊት ይሟገትበታል። ይህ ሥርዓት በጣም የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የተወለደበት ዘመንና ስፍራ የተለያየ ነው። የቤቱን ምሰሶና ማገር ለይቶ የማያውቅ ሰው ቤት ሲያድስ የትኛውን እንጨት ቢነቅል ጣራው እንደሚወርድበት አያውቅም። የማስትሬት ትምህርት ታሪክ መጠናት የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ነገሩ

ከሁሉ አስቀድሞ የተገኘው ስሙ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማጊስተር የሚባለው ለማስተማር ፈቃድ ያገኘ ሊቅ ነበር። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ ሰው የተወሰኑ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያለ ተጨማሪ ፈተና በሥነ ጥበባት የማስትሬት ማዕረግ የሚቀበልበት ልማድ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ስለዚህ ማዕረጉ በመሠረቱ ምርምርን የሚያመለክት አልነበረም።

ኬሚስትሪም ቢሆን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በአብዛኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ቤት አልነበረውም። የሕክምና ተማሪዎችንና መድኃኒት ቀማሚዎችን የሚያገለግል ረዳት ትምህርት ነበር። ፕሮፌሰሩ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ሙከራውን ያሳያል፤ ተማሪው ከወንበሩ ሆኖ ይመለከታል። በገዛ እጁ መሥራት የሚፈልግ ወጣት የአንድ ታዋቂ ሊቅ የግል ቤተ ሙከራ ደጅ መጥናት ነበረበት። ከእነዚህም ደጅ ጠኚዎች አንዱ በ1803 በዳርምሽታት የተወለደው ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ ነው። ሊቢግ በፓሪስ ከተማ ወደ ጌ ሉሳክ ቤተ ሙከራ የገባው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ስለ እርሱ ተናግሮለት ነበር። በዚያ ያገኘው ዕድል ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ መሆኑን የተረዳው ይህ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ ለብዙዎች የሚሆን ቤተ ሙከራ ለማቋቋም ተነሣ።

የጊሰን የዘብ ቤት

ሊቢግ በ1824 ገና በ21 ዓመቱ በትንሿ የጊሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ለቤተ ሙከራ የተሰጠው ቤት ወታደሮች የለቀቁት የዘብ ቤት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዕቃና ለረዳት የሚያስፈልገውን ወጪ በከፊል የሚችለው ራሱ ነበር።

በዚህ ጠባብ ቤት የተዘረጋው የትምህርት ቅደም ተከተል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያልተለወጠ መሠረት ጥሏል። ጀማሪው ተማሪ ምንነታቸው ያልተነገረው ናሙናዎች ይሰጡትና በውስጣቸው ያለውን እንዲለይ ይታዘዛል። ይህን ከቻለ በኋላ የእያንዳንዱን መጠን ይለካል፤ ቀጥሎም ውሁዶችን ራሱ ማዘጋጀትን ይማራል። በመጨረሻ መልሱን መምህሩም የማያውቀው አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል። ከዚህ ደረጃ የደረሱት ተማሪዎች በየማለዳው ትናንት ምን እንደ ሠሩና ስለ ሥራቸው ምን እንደሚያስቡ ለሊቢግ ያስረዳሉ፤ እርሱም ይደግፋል ወይም ይቃወማል እንጂ መንገዱን አይመራቸውም፤ መንገዱን ማግኘት የተማሪው ፈንታ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የቆጠረውን ቅኔ በየዕለቱ በመምህሩ ፊት እየነገረ ያደገ ኢትዮጵያዊ የዚህ ሥርዓት መንፈስ እንግዳ አይሆንበትም። የዛሬው አማካሪ መምህርና የመመረቂያ ጥናት ከዚህ የማለዳ ውይይት የተገኙ ናቸው።

ይሁን እንጂ መልካም መምህር ብቻውን ለጊሰን መነሣት በቂ ምክንያት አልነበረም። የካርቦን ውሁዶችን ለመተንተን ናሙናው ከመዳብ ኦክሳይድ ጋር ይቃጠልና የሚወጣው ጋዝ ይለካል። የጋዙን ይዘት መለካት ግን ረቂቅና አድካሚ ሥራ በመሆኑ የታላላቅ ሊቃውንት እጅ ብቻ የሚችለው ነበር። በ1831 ሊቢግ አምስት አምፖሎች ያሉት አነስተኛ የብርጭቆ ዕቃ ሠራ። በውስጡ ያለው የፖታሽ ውሁድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመጥጣል፤ ዕቃው ከቃጠሎው በፊትና በኋላ በሚዛን ሲመዘን የካርቦኑ መጠን ይታወቃል። የጋዝ ይዘት መለካቱ ቀርቶ በሚዛን መመዘን ተተካ። ቀድሞ የሊቅ ሥራ የነበረው ትንተና በዚህ የተነሣ የሠለጠነ ተማሪ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ሆነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከኬሚስትሪ ታሪክ ያለፈ ነው። ፓሪስ በሀብትም በሊቃውንትም ከጊሰን ትበልጥ ነበር። ጊሰን የቀደመችው ዋጋው ያልከበደ፣ በቁጥር ሊበዛ የሚችልና ውጤቱ የሚታመን መሣሪያ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ስለ ገባ ነው። ተማሪዎች ከብዙ አገር እየጎረፉ ሲመጡ ቤቱ በ1839 እንዲሰፋ ተደረገ።

የሥርዓቱ መስፋፋት

የሊቢግ ደቀ መዝሙር አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን በ1845 በለንደን የተቋቋመውን ንጉሣዊ የኬሚስትሪ ኮሌጅ እንዲመራ ተጠራ። ዊልያም ፐርኪን የተባለው የ18 ዓመት ረዳቱ በ1856 የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር ያልጠበቀውን ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪም ከዚህ ተነሣ። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1876 ሲከፈት የኬሚስትሪ ትምህርቱን የመሠረተው በጎቲንገን ዶክትሬቱን ያገኘው አይራ ሬምሰን ነበር።

ጀርመኖች ለምርምር የሚሰጡት ዋና ማዕረግ ዶክትሬት ነበር። አሜሪካውያን የጀርመንን ቤተ ሙከራ ከተቀበሉ በኋላ የራሳቸውን ልማድ ጨመሩበት፤ ይኸውም በክሬዲት የሚቆጠሩ ኮርሶች፣ በየኮርሱ የሚሰጥ ማርክና በመጀመሪያ ዲግሪና በዶክትሬት መካከል የቆመ የማስትሬት ደረጃ ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው የውጭ ፈታኝን ልማድ አጸኑ። ጀርመን ራሷ የማስትሬትን ስም በኬሚስትሪ ትምህርቷ ያስገባችው በ1999 ሃያ ዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የቦሎኛን መግለጫ ከፈረሙ በኋላ ነው። የሥርዓቱ እናት አገር ስሙን ከብዙዎች በኋላ ተቀበለች።

የኢትዮጵያ ጉዞ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ከሃያ በላይ ዓመታት በኬሚስትሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የፈለገ ሁሉ ባሕር መሻገር ነበረበት። የዚህ ጉድለት ትርጉም በእንዶድ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። ግኝቱ የኢትዮጵያ፣ ተክሉም የኢትዮጵያ ነበር። በእንዶድ ውስጥ ያሉት ገዳይ ሳፖኒኖች ተነጥለው ቅርጻቸው የታወቀው ግን በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በሚገኝ የምርምር ተቋም ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በግኝቱ ባለቤት ስም ለማቶክሲን ተባለ። ክብሩ ለስማቸው ቢደርስም፣ ንጠላውንና ትንተናውን ሊማርበት ይችል የነበረ ኢትዮጵያዊ የማስትሬት ተማሪ ግን በዚያን ጊዜ በአገሩ አልነበረም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን በ1978 ሲያቋቁም ኬሚስትሪ ከመጀመሪያዎቹ መስኮች አንዱ ሆነ። አደረጃጀቱ የሦስት አገር ውርስ ነበር፤ ክሬዲቱ ከአሜሪካ፣ የውጭ ፈታኙ ከእንግሊዝ፣ የቤተ ሙከራው ጥናት ከጊሰን። ለመመረቂያ ጥናት ሰፊ መስክ የሆነው የአገሪቱ ዕፀዋት ኬሚስትሪ ነው። እሬት፣ ከርቤና ዕጣን የመሳሰሉት በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ተተነተኑ። በ1984 የምሥራቅና የማዕከላዊ አፍሪካ የተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር መረብ ተመሠረተ፤ ከ1987 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኬሚስትሪ ማኅበር ቡለቲን መታተም ሲጀምርም ከየቤተ ሙከራው የሚወጣው ሥራ በዓለም ፊት የሚቀርብበት መድረክ አገኘ።

ምሰሶው የትኛው ነው?

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ተበራክተው የመንግሥቶቹ ብቻ ቁጥራቸው ከአርባ በላይ ሆኗል። የኬሚስትሪ ማስትሬትም በሐረማያ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በመቀሌና በሌሎችም ስፍራዎች ተከፍቷል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በክረምት ወራት እየመጡ የሚማሩበትም መንገድ ተዘርግቷል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አገሪቱ የሚያስፈልጓት መምህራንና ተንታኞች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሊሠለጥኑ አይችሉም።

ሆኖም ሁሉም ክፍል እኩል አይባዛም። ኮርስ መጨመር፣ ሴሚናር ማስያዝና የፈታኞች ጉባኤ መሰየም ይቻላል፤ የቤተ ሙከራ ቀን ግን በደብዳቤ አይታዘዝም። የኤን.ኤም.አር. መሣሪያ ተማሪ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም ፈሳሽ ሂሊየም ሳይቋረጥ ሊቀርብለት ይገባል። ኬሚካሎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ የተበላሸ መሣሪያም ጠጋኝ እስኪገኝ ወራት ይቆማል። ለጥቂት የክረምት ሳምንታት የሚመጣ ተማሪ የጀመረው ሙከራ ሳያልቅ ወደ ሥራው መመለስ ግዴታው ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው በወረቀት የማይታየው የሙከራ ሰዓት ይሆናል። ኮርሱ ተሟልቶ፣ ክሬዲቱ ተቆጥሮ፣ ጽሑፉ ተጠርዞ ሳለ መልሱ ካልታወቀ ጥያቄ ጋር መታገሉ ብቻ ሊጎድል ይችላል። የጎደለው ግን ምሰሶው ነው።

የጊሰን ታሪክ ድህነትን ሰበብ ለማድረግ አይመችም፤ ሥርዓቱ የተወለደው በዘብ ቤት ነውና። ድህነትን ለመናቅም አይመችም፤ ሊቢግ መጀመሪያ ያሸነፈው የመሣሪያን ችግር ነበርና። ስለዚህ አንድ የማስትሬት ፕሮግራም ሲከፈት ወይም ሲገመገም ከኮርሶቹ ዝርዝር በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። እያንዳንዱ ተማሪ በቤተ ሙከራ ስንት ቀን ይሠራል? አማካሪው የእያንዳንዱን ተማሪ የትናንት ሥራ ለመስማት ጊዜ አለው? ጥናቱ የሚፈልገው መሣሪያ ዛሬ ይሠራል? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ያለው ክፍል ቤቱ ቢጠብም የኬሚስትሪ ማስትሬት ይሰጣል። መልስ የሌለው ግን ሕንፃው ቢያምርም የሚሰጠው ስሙን ብቻ ነው፤ ስሙ ደግሞ ከኬሚስትሪ በፊትም ነበር።