የሽፈራው ቅጠልና የ61 ዓመት የስም ታሪክ

አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ግቢ አጥር ላይ አሻግራችሁ ብታዩ፣ አንድ ዛፍ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ግንዱ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ጋሞዎች አለኮ ይሉታል፤ በአማርኛ ሽፈራው እንለዋለን። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ይበላል። የትውልድ ቦታው የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ቆላ ሲሆን፣ በጋሞና በኮንሶ ገበሬው ከእርሻውና ከደጁ ተክሎ አኑሮታል።

እኔ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ስለ ዕፅዋት ብዙም አላውቅም ነበር። ወደዚህ ዛፍ የወሰደኝ ፍሬው ነው። የሽፈራው ፍሬ ተፈጭቶ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃው ይዘቅጣል። ነገሩ አስማት አይደለም፦ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ የጭቃው ብናኝ ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይሳሳባሉ። ብናኙ ተያይዞ ሲከብድ ወደ ታች ይወርዳል።

ፍሬ ስሰበስብ ዛፉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለአንድ መተግበሪያ ሰጠሁት። «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ» አለኝ። ይሄ የህንዱ ዝርያ ነው። እኔም አምኜ ከረጢቶቹ ላይ ሁሉ ይህንኑ ጻፍኩ። በኋላ ቅጠል የሚሸጡ አንዲት እናት ከረጢቴን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የህንድ ሽፈራው ነው ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄማ የኛው አለኮ ነው። የውጭው ቅጠሉ ደቃቃ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እናንተም ይህን ልዩነት በቀላሉ ማየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ፦ ቅጠል የቱ ጋ ይጀምራል? ብዙ ሰው በሽፈራው ላይ አንዷን ትንሽ አረንጓዴ ነገር ይዞ «ይሄ ቅጠል ነው» ይላል። እንቡጡን ፈልጉ። እንቡጥ የሚወጣው ሙሉው ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ነው። ከትንሿ ቅጠል ሥር እንቡጥ የለም። ስለዚህ ትንሿ የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፋይ ናት ማለት ነው። የሽፈራው ሙሉ ቅጠል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየተከፋፈለ እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል።

አሁን ማስመሪያ አውጡ። የኛው ሽፈራው ክፋይ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የህንዱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። እናታችን በዓይናቸው የለኩት ይህንኑ ነው። ፎቶ ላይ ግን፣ አጠገቡ የሚለካ ነገር ከሌለ፣ ትልቁና ትንሹ አንድ ይመስላሉ። የተሸወድኩትም እዚህ ላይ ነው።

የተሳሳትኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 እና 1895 ከበርበራ ተነስቶ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ አድርጎ፣ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው ሐይቅ ተጉዞ ነበር። ከሐይቁ አካባቢ ከሰበሰባቸው ዕፅዋት አንዱ ይሄው ዛፍ ነው። ናሙናውን ለንደን ላይ የመረመረው ኤድመንድ ጊልበርት ቤከር በ1896 «ዶናልድሶኒያ ስቴኖፔታላ» አለው። የመጀመሪያው ቃል የተጓዡ ስም ነው፤ ሁለተኛው «ጠባብ መልካበባ ያለው» ማለት ነው። ማለትም ዛፉን አዲስ ጂነስ አደረገው።

በርግጥ አበባው የተለየ ነው። የህንዱ አበባ ወደ አንድ ወገን ያደላ ሲሆን፣ የኛው ዙሪያውን እኩል ነው። ዛፉ ግን ያው ሞሪንጋ ነው። የኢትዮጵያን ዕፅዋት ከ1953 እስከ 1972 በተከታታይ የዘረዘረው ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ በ1957 ወደ ዘመዶቹ መለሰውና «ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ» ሆነ። 61 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጋሞ ገበሬ አለኮውን ከሌላ ዛፍ ጋር አምታቶት አያውቅም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ዛሬ ሳይንቲስቶች ሞሪንጋን ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ያስቀምጡታል። እንደ ጎመን ቀቅለው የበሉት ሰዎች ዘመዱን ምላሳቸው ላይ አግኝተውት ነበር!

«ታዲያ ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ያመጣል። ስም የመዝገብ ቁልፍ ነው። እኔ በከረጢቶቼ ላይ በጻፍኩት ስም ውጤቴን ባወጣ ኖሮ፣ የአለኮ ፍሬ የሠራው ሥራ በህንዱ ዛፍ ስም ይመዘገብ ነበር። ከዚያ አንዱ ያንን አንብቦ የህንዱን ፍሬ በእኔ መጠን ውሃው ውስጥ ይጨምራል፤ ውሃው ባይጠራለት ጥፋቱ የማን ነው? በቅጠሉ ምግብነትና መድኃኒትነት ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ከረጢቶቹን በሙሉ እንደገና ጻፍኩ። አሁን ናሙና ስወስድ አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ በጋዜጣ መሃል አድርጌ አደርቃለሁ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና የአካባቢውን ስም እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ያለው፣ በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም የቆመው እንዲህ ባሉ የደረቁ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ናሙና ከተቀመጠ ስህተት ይታረማል፤ ኩፎዶንቲስም ቤከርን ያረመው የተቀመጠ ነገር ስለነበረ ነው።

እናንተም ደጃችሁ ያለውን ዛፍ ዛሬ እዩት። እንቡጡን ፈልጉ፣ ቅጠሉን ለኩ፣ ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያ አጠገቡ አኑሩ። ከዚያ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ቅጠሉን ቀቅለው የሚበሉትን ሰዎች ጠይቁ። እኔ እነሱን መጨረሻ ላይ ጠየቅኩ፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት።