አበጋር (በጨፋ ሸለቆ)

በወሎ፣ በተለይም በከሚሴና በቦርከና ወንዝ ዳር በተዘረጋው የጨፋ ሸለቆ፣ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ። ኃላፊነቱ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሸለቆው ሙስሊሙ ይበዛል፤ ለእርቅ ግን ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ለእርቁ ድግስ ሥጋው በየሃይማኖቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ቡናው ግን አንድ ላይ ይጠጣል። ክርስቲያኑ በዚህ ሥርዓት እንግድነት አይሰማውም፤ ማቴዎስ 5፥23-24 መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅን ያዛልና። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሸለቆው አጎራባች የሆነችው የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል ግን ሽምግልና እሳቱን አላስቆመም። አበጋር ያስታርቃል እንጂ የታጠቀን ትጥቅ የማስፈታት፣ ወንጀለኛንም በፍርድ ቤት የማስቀጣት ሥልጣን የለውም፤ ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው።