ድንበር የማያግደው አንበሳ፦ የመስክ ምርምር በዲንደርና በአልጣሽ

የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ የሱዳን ገዳሪፍ፣ ሴናርና ብሉ ናይል ግዛቶች በሚገናኙበት ሥፍራ ይገኛል። በኢትዮጵያ በኩል በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይዋሰነዋል። ዲንደር በአውሮፓውያኑ 1935፣ አልጣሽ ደግሞ በ2006 የተቋቋሙ ሲሆን፣ ለዱር እንስሳቱ ግን ሁለቱም አንድ መኖሪያ ናቸው።

የአካባቢው ነዋሪዎች በአልጣሽ አንበሳ እንዳለ ቢናገሩም፣ ለውጭ ተመራማሪዎች ጉዳዩ ያልተረጋገጠ ነበር። በ2016 መጀመሪያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወር የተመራና በቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን የተደገፈ ቡድን የአንበሳ ዱካ ማግኘቱንና እንስሳቱን በካሜራ ማስቀረቱን ይፋ አደረገ።

ማስረጃው ያረጋገጠው ግን መኖራቸውን እንጂ ብዛታቸውን አልነበረም። በመላው ሥነ ምኅዳር ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ ይችላሉ የተባለው፣ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አንበሳ ይኖራል በሚል ግምት ተሰልቶ ነው።

ከዱካ ወደ ቁጥር

ግምቱን ወደ ቆጠራ የሚያሸጋግረው የመስክ ክህሎት ነው። ጀማሪ ተመራማሪ በቅድሚያ መሬት ማንበብን ይማራል። አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ በጅብ ዱካ ላይ ግን ይታያል። ዱካው ከመለኪያ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ቦታውና ሰዓቱም ይመዘገባል። ምንም ዱካ ያልተገኘባቸው መንገዶችም መመዝገብ አለባቸው፤ ያለዚያ ስሌቱ የተጋነነ ይሆናል።

እንቅስቃሴ ሲኖር በራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች ሌላው መሣሪያ ናቸው። የጢም ፀጉር የሚበቅልባቸው ነጠብጣቦች አቀማመጥ ከአንበሳ አንበሳ ስለሚለያይ፣ ጥርት ያለ ፎቶ አንዱ እንስሳ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይረዳል።

ወቅትና ውኃ

በክረምት ጭቃና ጎርፍ መንገዱን ስለሚዘጉ ዋናው የሥራ ጊዜ በጋ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚነሱት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች በበጋ ሲደርቁ፣ ጎርፍ የሞላቸውና ‘ማያ’ የሚባሉት ረግረጋማ ኩሬዎች እንስሳቱን ይሰበስባሉ። የደረቀው የወንዝ አሸዋ ዱካን በግልጽ ይይዛል። አንበሳው የት ውኃ እንደሚጠጣ ቀድሞ የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ እረኛው ነው፤ እርሱን በአክብሮት መጠየቅም የሙያው አካል ነው።

በአንድ ወገን ብቻ የሚደረግ ቆጠራ ድንበር የሚሻገረውን እንስሳ ሊስተው ወይም ሁለት ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል። በመሆኑም የሁለቱ አገራት ተመራማሪዎች በአንድ ወቅትና በአንድ ዘዴ መሥራት ይኖርባቸዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ይህን ትብብር ይበልጥ ከባድ አድርጎታል። ቁጥሩ በውል ያልታወቀ እንስሳ ደግሞ ቢመናመንም ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።